ካጋዋ በዶርትሙንድ፣ ካጋዋ በማንችስተር፦ የአንድ ጃፓናዊ አማካይ የጉዳይ ጥናት

ሺንጂ ካጋዋ በጁን 2012 ከቦሩሲያ ዶርትሙንድ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሲዛወር የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ከዶርትሙንድ ጋር በተከታታይ ሁለት ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን ሆኗል። ከዝውውሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎም ባየርን ሙኒክ 5 ለ 2 በተሸነፈበት የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ የመጀመሪያዋን ጎል አስቆጥሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ልጅ ወደ ዶርትሙንድ ሲመለስ ግን በእንግሊዝ ያሳለፈውን የመጨረሻ የውድድር ዓመት አንዲት የሊግ ጎል እንኳ ሳያስቆጥር ጨርሶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ሆነ? በእኛ አገር ካጋዋን የሚያስታውሰው አብዛኛው ተመልካች ያየው በዩናይትድ ማሊያ ስለሆነ የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፦ ለእንግሊዝ ኳስ የሚሆን ጉልበት አልነበረውም። የዩናይትድ ደጋፊ ደግሞ ጥፋቱን በአሰልጣኝ ዴቪድ ሞየስ ላይ ይጥላል። ሁለቱም አባባሎች ጥቂት እውነት አላቸው፤ ግን የሰውየውን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለተከታተለ አይበቁም። ካጋዋ ኳስ ይዞ አምስት ሰው እያለፈ ጨዋታ የሚቀይር ዓይነት ተጫዋች አልነበረም። ችሎታው የሚታየው ከፊቱ የሚሮጥለት፣ ከኋላው ኳሱን በጊዜው የሚያቀብለው፣ ከጎኑ ሆኖ ተከላካይ የሚስብለት ሰው ሲኖር ነው። እነዚህ ሰዎች ሲሟሉ ከአውሮፓ ምርጦች አንዱ ነበር፤ ሲጎድሉ ደግሞ ተራ ተጫዋች ይመስል ነበር። በኦሳካ፣ በዶርትሙንድ፣ በማንችስተርና በብሔራዊ ቡድን የደረሰበት ሁሉ ይህንኑ ያሳያል።

በኦሳካ

ካጋዋ የተወለደው በማርች 1989 በኮቤ ከተማ ነው። አምስት ዓመቱ ላይ፣ በጃንዋሪ 1995፣ ከተማዋን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ገና በልጅነቱ ወላጆቹን ትቶ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ወደምትገኘው ወደ ሴንዳይ ሄዶ ሚያጊ ባርሴሎና በተባለ የታዳጊዎች ክለብ ሠለጠነ። ከስሙ በቀር ከስፔኑ ባርሴሎና ጋር የማይገናኝ ክለብ ነው። በጃፓን የተለመደው መንገድ በትምህርት ቤት ውድድር ታይቶ ከምረቃ በኋላ መፈረም ወይም በፕሮፌሽናል ክለቡ በራሱ አካዳሚ ማደግ ነው። ካጋዋ ከሁለቱም ወጣ ያለ ነበር፤ በ2006 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ ከክለቡ አካዳሚም ሳይሆን፣ ከሴሬዞ ኦሳካ ጋር ፕሮፌሽናል ውል ፈረመ።

ሴሬዞ በዚያው ዓመት ማብቂያ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ለክለቡ መከራ የነበረው ይህ ውድቀት ለካጋዋ የመጫወቻ ዕድል ከፈተለት። በ2007 ክለቡን የተረከበው ብራዚላዊው አሰልጣኝ ሌቪር ኩልፒ ልጁን በተከላካይ አማካይነት ከሚጫወትበት ቦታ አንሥቶ ወደ ጎል አቀረበው። በእኔ እምነት በካጋዋ ሕይወት ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ተከላካይ አማካይ ሆኖ ቢቀጥል ኳስ የማያበላሽ፣ ትሑትና ታታሪ ተጫዋች ይሆን ነበር፤ ስሙን ከኦሳካ ውጪ የሚያውቅ ብዙ ሰው የሚኖር አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ አብሮት የተሰለፈው ታካሺ ኢኑይ ነው። ሁለቱም አጫጭርና ፈጣን፣ ኳሱን በአንድ ንክኪ እየተቀባበሉ በጠባብ ቦታ የሚሾልኩ ነበሩ። የጃፓን ሁለተኛ ሊግ በ2009 አሥራ ስምንት ክለቦች እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ የሚገናኙበት ስለነበር አንድ ክለብ በዓመት 51 ጨዋታ ነበረበት። በዚያ አድካሚ ውድድር ካጋዋ 27፣ ኢኑይ ደግሞ 20 ጎል አስቆጠሩ፤ ሴሬዞም ወደ አንደኛው ሊግ ተመለሰ። ካጋዋ ኮከብ ጎል አስቆጣሪ ሆነ። የክለቡ አንጋፋ የነበረው ሂሮአኪ ሞሪሺማ ለብዙ ዓመታት የለበሰውን 8 ቁጥር የተረከበውም እሱ ነው።

በ2010 ግማሽ ዓመት በአንደኛው ሊግ 11 ጨዋታ አድርጎ 7 ጎል አስቆጠረ። ይህም ሆኖ በዚያው ክረምት በደቡብ አፍሪካ ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ ከ23ቱ ተመራጮች መካከል አልነበረም። ከቡድኑ ጋር የሄደው ለልምምድ አጋዥነት ነው፤ ጨዋታውን ያየው ከዳር ቆሞ ነው።

ርካሹ ግዢ

ዶርትሙንድ በ2005 ከመክሰር ለጥቂት የተረፈ ክለብ ነበር። በ2008 ዩርገን ክሎፕ ሲመጣ ክለቡ ውድ ተጫዋች የመግዛት አቅም ስላልነበረው ሌሎች ክለቦች ወዳላዩበት ገበያ መሄድ ግድ ሆነበት። የክለቡ ተጫዋች መልማይ ስቬን ሚስሊንታት ዓይኑን የጣለው በጃፓን ሁለተኛ ሊግ በሚጫወት ልጅ ላይ ነበር። ዶርትሙንድ በ2010 ካጋዋን የወሰደው በ350 ሺህ ዩሮ ብቻ ነው። ለጀርመን አንደኛ ሊግ ይህ ገንዘብ ነው ለማለት እንኳ ያስቸግራል።

ክሎፕ የሚፈልገው አጨዋወት ጉልበት የሚጨርስ ነበር። ኳስ ስትነጠቅ ወደ ኋላ አይሸሽም፤ ሦስት አራት ሰው በቅጽበት ኳሱን በያዘው ላይ ይረባረባል፣ ይነጥቃል፣ ተጋጣሚው ገና ሳይደራጅ ጎል ይፈልጋል። ካጋዋ ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር። በአጥቂውና በተጋጣሚ አማካዮች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ይቆማል፣ ኳስ ከመድረሷ በፊት ትከሻውን ዞር አድርጎ ከኋላው ያለውን ያያል፣ ሲቀበላትም ፊቱ ወደ ጎሉ ዞሮ ነው። ለተከላካይ ይህ እጅግ የሚያስቸግር ነገር ነው፤ ቢከተለው ከኋላው ክፍተት ይተዋል፣ ቢተወው ኳሷ ትሾልካለች። ከኋላ ኑሪ ሻሂን፣ ከጎን ማሪዮ ጎትዘ፣ ከፊት በመጀመሪያው ዓመት ሉካስ ባሪዮስ፣ በሁለተኛው ሮበርት ሌዋንዶውስኪ ነበሩ።

የዶርትሙንድ ሕዝብ ካጋዋን የራሱ ያደረገበት ቀን ሴፕቴምበር 19 ቀን 2010 ነው። ጨዋታው ከጎረቤቱ ከሻልከ ጋር፣ ያውም በሻልከ ሜዳ ነበር። በዚያ አካባቢ ይህን ጨዋታ ማሸነፍ ለብዙ ደጋፊ ከዋንጫ አይተናነስም። ካጋዋ ከጃፓን ከመጣ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ፣ ከእረፍት መልስ አንድ አስቆጠረ። ተቀይሮ የገባው ሌዋንዶውስኪ ሦስተኛዋን ጨመረና ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ። ዓመቱ ሲጋመስ ካጋዋ በ17 የሊግ ጨዋታ 8 ጎል ነበረው።

በጃንዋሪ 2011 ለኤሽያ ዋንጫ ወደ ኳታር ሄደ። በሩብ ፍጻሜው አስተናጋጇ ላይ ሁለት ጎል አስቆጠረ፤ በግማሽ ፍጻሜው ከደቡብ ኮሪያ ጋር ሲጫወት ግን የእግሩ አጥንት ተሰበረ። ጃፓን ዋንጫውን ያነሣችው እሱ ሳይሰለፍ ነው፣ ዶርትሙንድም ሻምፒዮንነቱን ያረጋገጠው እሱ እያገገመ ነው። ገና ሕክምና ላይ ሳለ፣ በማርች 2011፣ ባደገባት በሴንዳይ አካባቢ ያ አሰቃቂ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ደረሰ። በባዕድ አገር መጫወት እንኳ የማይችል የ21 ዓመት ልጅ ያንን በቴሌቪዥን ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም።

ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው በለጠ። በ31 የሊግ ጨዋታ 13 ጎል፤ ዶርትሙንድ በ81 ነጥብ ዳግመኛ ሻምፒዮን፤ በሜይ 12 ቀን 2012 በበርሊን ደግሞ የዋንጫው ፍጻሜ። ጨዋታው በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ የባየርን ተጫዋቾች ኳስ አበላሹ፣ ያኩብ ብላሽችኮቭስኪ ወደ መሐል አሳለፋት፣ ካጋዋ እዚያው ነበረ። ጎሏ ቀላል ትመስላለች። እኔ ደጋግሜ ያየኋት ግን ለአጨራረሷ አይደለም፤ ሌሎች ገና ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ እያዩ ሳሉ እሱ ቀድሞ መሮጥ በመጀመሩ ነው።

በማንችስተር የጠበበችው ቦታ

ዩናይትድ እንደተዘገበው በ12 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በውጤት ላይ ተመሥርቶ እስከ 17 ሚሊዮን በሚደርስ ዋጋ ገዛው። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በኤቨርተን ሜዳ በተደረገው የሊጉ መክፈቻ በሚወደው ቦታ፣ ከዋይኒ ሩኒ ጀርባ አሰለፈው። በቀጣዩ ሳምንት ከፉልሃም ጋር የመጀመሪያዋን ጎል አስቆጠረ። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ግን ከመክፈቻው ጨዋታ ጥቂት ቀናት በፊት ነው። በኦገስት 17 ቀን 2012 ዩናይትድ ሮቢን ቫን ፐርሲን ከአርሰናል አስፈረመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት ዋንጫውን በጎል ልዩነት ብቻ በማንችስተር ሲቲ ተነጥቋል። ቫን ፐርሲ ሲመጣ የመሐል አጥቂነቱ የእሱ ሆነ። ሩኒስ ወዴት ይሂድ? እንግሊዛዊው ኮከብ በተጠባባቂ ወንበር የሚቀመጥ አልነበረም፤ ከአጥቂው ጀርባ ሆነ። ይህ ደግሞ ካጋዋ የተገዛበት ቦታ ነው። ካጋዋ ማሊያውን ለብሶ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ቦታው በሌላ ሰው ዝውውር ምክንያት ጠቦ ነበር።

የፈርጉሰን ውሳኔ ስህተት ነበር አልልም። ቫን ፐርሲ በሊጉ 26 ጎል አስቆጠረ፤ ዩናይትድ በ89 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ለክለቡ ትክክል የነበረው ውሳኔ ለአንድ ተጫዋች ጉዳት ሆነ፤ በትልቅ ክለብ እንዲህ ያለው ነገር የሚያጋጥመው ብዙ ነው። ለዚህ ነው ጥፋቱን ሁሉ በሞየስ ላይ መጫን ትክክል የማይመስለኝ።

በኦክቶበር ከፖርቱጋሉ ብራጋ ጋር በተደረገ የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳና ሁለት ወር ያህል ከሜዳ ራቀ። ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ከግራ መስመር እንዲጫወት ተደረገ። የመስመር ተጫዋች ዳሩን ይዞ ይሮጣል፣ ተከላካዩን በፍጥነት ያልፋል፣ ያሻማል። ካጋዋ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። ስለዚህ ወደ መሐል ይገባል፤ መሐሉ ላይ ሩኒ አለ፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ ይተራመሳሉ፤ ከኋላው ያለው የግራ ተመላላሽ ብቻውን ይቀራል። ይህን በዓይናችን ያየን ሰዎች «ልጁ ይጠፋል» እንል ነበር። እውነት ነው፣ ይጠፋ ነበር።

በመሐሉ ግን የማርች 2 ቀን 2013 ጨዋታ አለ። ኖርዊች ሲቲ በኦልድ ትራፎርድ 4 ለ 0 ሲሸነፍ ሦስቱን ያስቆጠረው ካጋዋ ነው፤ በፕሪሚየር ሊጉ ሐትሪክ የሠራ የመጀመሪያው ኤሽያዊ። ከሦስቱ ሁለቱን ያመቻቸለት ሩኒ ነበር። ሁለቱ አብረው መጫወት ይችሉ እንደነበር ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም፤ ሆኖም አንድ ከሰዓት ልማድ አይሆንም። በዓመቱ መጨረሻ 20 የሊግ ጨዋታና 6 ጎል ይዞ የሻምፒዮንነት ሜዳሊያ አጠለቀ፤ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ነው። በዚያው በሜይ 2013 ክሎፕ ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ስለ ካጋዋ ሲናገር፣ ከዓለም ምርጦች አንዱ የሆነ ልጅ በግራ መስመር ሃያ ደቂቃ እየተጫወተ መሆኑ ልቡን እንደሚሰብረው ገልጿል።

ፈርጉሰን ጡረታ ወጣ፤ ሞየስ መጣ። የሞየስ ቡድን ኳሷን ወደ መስመር አውጥቶ የሚያሻማ ነበር፤ በመጀመሪያው የዝውውር ወቅት የገዛውም ረጅሙንና ጉልበተኛውን ማሩዋን ፌላይኒን ነው። በጃንዋሪ 2014 ደግሞ በ37 ሚሊዮን ፓውንድ ሁዋን ማታ መጣ፤ እሱም በተፈጥሮው የካጋዋን ቦታ የሚሻ ነበር። ሆኖም በዚያ የጨለማ ዓመት ውስጥ ኖቬምበር 27 ቀን 2013 አለች። ቫን ፐርሲ አልነበረም፣ ሩኒ ፊት ላይ ሆነ፣ ካጋዋ ከጀርባው ተሰለፈ፤ ዩናይትድም ባየር ሌቨርኩሰንን በጀርመን ምድር 5 ለ 0 አሸነፈ። ካጋዋ ጎል አላስቆጠረም፤ ግን በየክፍተቱ እየታየ ኳስ ሲቀበል ለዋለ ተመልካች ያ የዶርትሙንዱ ልጅ ነበር። ቫን ፐርሲ ሲድን ካጋዋ ወደ ነበረበት ተመለሰ። የዓመቱ ድምር፦ 18 የሊግ ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል።

ጉልበቱን በተመለከተ የሚባለውንም ማለፍ አልፈልግም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ሰውነቱም ቀጭን ነው፤ በእንግሊዝ ሜዳ በትከሻ ግፊያ ኳስ የተነጠቀባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። ጠንከር ያለ ሰውነት ቢኖረው በግራ መስመርም ቢሆን ራሱን ማትረፍ ይችል ይሆናል። ግን በሻልከ ሜዳ ላይም፣ በባየርን ተከላካዮች መካከልም ያው ሰውነት ነበረው።

መመለስ ብቻውን አልበቃም

በኦገስት 2014 መጨረሻ ወደ ዶርትሙንድ ተመለሰ፤ ዋጋው ወደ 8 ሚሊዮን ዩሮ እንደነበር ተዘግቧል። የክለቡ ደጋፊዎች «ሺንጂን ልቀቁልን» እያሉ በማኅበራዊ ገጾች ሲዘምቱ ስለነበር አቀባበሉ የጠፋ ልጅ የተገኘ ያህል ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ፣ በፍራይቡርግ ላይ፣ ጎል አስቆጠረ። አሰልጣኙ ያው ክሎፕ፣ ሜዳው ያው፣ ቦታው ያው።

ነገሩ አጓጊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ «አሰልጣኙ ቢገባው ኖሮ» የሚለው መልስ ትክክል ቢሆን ካጋዋ ወዲያው ወደ 2012 ብቃቱ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። ዶርትሙንድ በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ 2015 የሊጉ ግርጌ ላይ እስከመቀመጥ ደረሰ፤ የካጋዋ የሊግ ጎልም 5 ብቻ ሆነ። ጎትዘና ሌዋንዶውስኪ ወደ ባየርን ሄደዋል። ተጋጣሚዎችም ተምረዋል፤ ለዶርትሙንድ የሚነጠቅ ኳስ ላለመስጠት ወደ ኋላ ሰብሰብ ብለው ይጠብቁታል። ካጋዋ የሚኖርበት ክፍተት ከሜዳው ላይ ጠፍቶ ነበር። ክሎፕ ራሱ በዓመቱ መጨረሻ ክለቡን ለቀቀ።

በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቶማስ ቱሄል ግን ቡድኑን ኳስ ይዞ በትዕግሥት የሚጫወት አደረገው፤ ካጋዋንም ከወትሮው ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ ከኢልካይ ጉንዶጋን ጋር አጣመረው፣ ከኋላቸው ወጣቱን ዩሊያን ቫይግልን አቆመ። ካጋዋ በሊጉ 9 ጎል አስቆጠረ፤ ዶርትሙንድም በ78 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። አሰልጣኙ ሌላ ነበር፣ ቦታውም ትንሽ ሌላ፤ ግን ዙሪያውን የከበቡት ሰዎች እንደገና ለእሱ የሚሆኑ ነበሩ።

ሳራንስክ

በብሔራዊ ቡድን 97 ጊዜ ተሰልፎ 31 ጎል አስቆጥሯል፤ ግን 10 ቁጥሩ ከብዶት የታየባቸው ዓመታት ነበሩ። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ጃፓን በአንድ ነጥብ ብቻ ከምድቧ ሳታልፍ ስትቀር እሱ ከግሪክ ጋር በተደረገው ጨዋታ ከቋሚ አሰላለፍ ውጪ ሆነ። በጃንዋሪ 2015 በኤሽያ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በመለያ ምት የመታት ኳስ ቋሚውን ገጭታ ወጣችና ጃፓን ተሰናበተች።

ከ2018ቱ የዓለም ዋንጫ በፊት አሰልጣኙ ቫሂድ ሃሊልሆጂች ከዕቅዱ አውጥቶት ነበር። ውድድሩ ሁለት ወር ሲቀረው ፌዴሬሽኑ አሰልጣኙን አሰናብቶ አኪራ ኒሺኖን ሾመ፤ ካጋዋም ተመለሰ። ጁን 19 በሩሲያዋ ሳራንስክ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ በሦስተኛው ደቂቃ የመታት ኳስ የካርሎስ ሳንቼዝን እጅ ነካች፤ ቀይ ካርድና ፍጹም ቅጣት ምት። ካጋዋ ኳሷን ይዞ ቆመ። ሦስት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ቋሚ የመታ ሰው ነው። በዝግታ ተንደርድሮ ግብ ጠባቂው ዳቪድ ኦስፒና ወደ አንዱ ጎን ሲወድቅ ወደ ሌላው አንከባለላት። ጃፓን በኋላ በዩያ ኦሳኮ የግንባር ኳስ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ በዓለም ዋንጫ የደቡብ አሜሪካ ቡድን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኤሽያዊት አገር ሆነች። በግራ በኩል ከካጋዋ ጋር ኳስ ይቀባበል የነበረው ማን ነው ቢሉ፣ ታካሺ ኢኑይ ነው፤ በኦሳካ ሳሉ በሁለተኛው ሊግ አብረው ያደጉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ፈጣን ነው። በጃንዋሪ 2019 በውሰት ወደ ቱርኩ ቤሺክታሽ ሄዶ በመጀመሪያ ጨዋታው ተቀይሮ ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ጎል አስቆጠረ። ቀጥሎ የስፔን ሁለተኛ ሊግ ተወዳዳሪው ዛራጎዛ፤ ክለቡ ወደ አንደኛው ሊግ ለማደግ ጥቂት ሲቀረው በማጣሪያው ወደቀ፣ ካጋዋም በ2020 ተሰናበተ። የግሪኩ ፓኦክና የቤልጂየሙ ሲንት ትሩይደን ተከተሉ፤ በሁለቱም ጉዳትና ተጠባባቂነት በዙ። በ2023 መጀመሪያ፣ ወደ 34 ዓመቱ ሲቃረብ፣ ወደ ሴሬዞ ኦሳካ ተመለሰ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ሞሪሺማ ነበር፤ ካጋዋ የለበሰውም 8 ቁጥሩን ነው። ጎል አስቆጣሪነቱ አልነበረም፤ ወደ ኋላ ወርዶ ከተከላካዮች ፊት ኳስ እየተቀበለ ጨዋታውን የሚያስጀምር አማካይ ሆነ፣ በዚያ ዓመትም ክለቡ ባደረጋቸው አብዛኞቹ የሊግ ጨዋታዎች ተሰለፈ።